የጋቢናው ቀለበት

ሱሩር አብዱረዛቅ ቀለበት አይበይድም ነበር። የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ፣ የሚያንጠባጥብ ራዲያተር ይበይዳል፤ አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደወል ማንጠልጠያም በይዷል። የበሬ ማሰሪያ ወይም የበር መሳቢያ ቀለበት ይዞ የመጣን ሰው ግን ወደ ሌላ ጋራዥ ይሸኛል። ምክንያቱን ለሚጠይቁት «እጄ አይሳካለትም» ይላቸዋል። በደብረ ማርቆስ ከተማ በብየዳ የሚተካከለው እንደሌለ የሚያውቁት ይስቃሉ፤ አንዳንዶች የሃይማኖት ነገር መስሏቸው ዝም ይላሉ። በ1957 ዓ.ም.፣ ዕድሜው አርባ ስድስት ሲሞላ፣ ነገሩ እንደ አረማመዱ የታወቀ ስለ ሆነ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሌላም ልማድ ነበረው። ለጥገና የመጣ መኪና ውስጥ ሲገባ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የጋቢናውን ምንጣፍ ይገልጣል፤ ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮ በመዳፉ ዳብሶ ምንጣፉን መልሶ ያነጥፋል። ሾፌሮች «ሱሩር የወደቀ ሳንቲም ይለቅማል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ መዳበሱን ግን አይተውም።

የተወለደው ይጁቤ ነው። አባቱ ጨርቅና ጨው ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ሱሩር ወደ ደብረ ማርቆስ መጣና ጣሊያኖች ከሰፈራቸው አጠገብ ባቆሙት የመኪና ማደሻ ተቀጠረ። ብየዳን፣ ብረት ማጠፍን፣ የሞተር ድምፅ ማዳመጥን እዚያ ተማረ። ከድል በኋላ የመንግሥትን መኪናዎች የሚያድስ ሰው እንደ ጨው ተወድዶ ስለ ነበር ለጠላት ሠርተሃል ብሎ የጠየቀው የለም። ግንበኛውም፣ ሾፌሩም፣ ውሃ ቀጂውም ሠርቷል። ሱሩር ጋራዥ ከፈተ፤ ነፊሳን አገባ፤ ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ስለ ብረት ጥራት ብቻ ይናገር ነበር።

ስሙ የወጣው ግን በብየዳው ብቻ አይደለም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ወደ ሱሩር ይዞት ይመጣል። ሱሩር መኪናውን አንድ ጊዜ ይዞረዋል፤ በካቻቢቴው እጀታ እዚህም እዚያም ያንኳኳል፤ ቀለሙን በጥፍሩ ይጭራል። ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ዕቃ «የእናቱ» ይለዋል፤ በኋላ የገባውን «የእንጀራ ልጅ»። የጉንደ ወይን አንድ ነጋዴ አዲስ ነው የተባለ ካሚዮን ሊገዛ አምጥቶ ሲያስመረምር ሱሩር ከሥሩ ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ከእናቱ የቀረለት ጥሩምባው ብቻ ነው» ብሎት ነበር። ይህ ቃል ገበያውን ሁሉ ዞረ። ከዚያ ወዲያ እናታቸው ሁለተኛ ባል ያገባችባቸው ልጆች እንኳ ሲጣሉ «ሱሩር ይጠየቅ» ይባባሉ ጀመር።

የብርጓል የምትባለው ሴት ወደ ጋራዡ የመጣችው በዚሁ ዓመት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ከአምበር ወዲያ ካለ የገጠር አጥቢያ በእግሯ ተነሥታ፣ መንገድ ላይ የእህል መኪና ተሳፍራ መጥታለች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ነች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ምስር ለነፊሳ ሰጠች፤ ሥጋ አልነበረም፤ ለእስላም ቤት ምን ይዞ እንደሚገባ የምታውቅ ሴት ነበረች። ከዚያ ጉዳይዋን ተናገረች።

ባሏ ደምለው ይባላል። በ1930 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ጎጃም በጠላት ላይ በተነሣበት ሰሞን፣ ደምለው ለሸፈቱት ስንቅ ሲያደርስ ተያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያኖች በካሚዮን ጭነውት በአምበር ገበያ መካከል አለፉ። ገበያተኛው ሁሉ አየው። የተቀመጠው ከኋላ ከወታደሮቹ ጋር አልነበረም፤ ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ነበር። እጁ አልታሰረም። ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አጣፍቶ ፊት ለፊት ይመለከት ነበር። ካሚዮኑ ከአምበር ወዲያ ካለው ጠመዝማዛ ሲደርስ ገደል ገባ። በማግሥቱ ጣሊያኖች መጥተው ሬሳዎቹን በሸራ ጠቅልለው ወሰዱ፤ ስንት እንደ ነበሩ ያየ የለም። ሰው ያወራው ግን ያየውን ነው። ደምለው ባንዳ ሆነ፤ ቢያድርላቸው ነው ጋቢና ያስቀመጡት፤ ከገደሉም ተርፎ አብሯቸው ሄደ ተባለ። አንዱ አስመራ ሱቅ ከፍቶ አየሁት አለ። ሌላው ነጭ ሴት አግብቷል አለ። የብርጓል በዓመቱ ተዝካር ደገሰች። ጠላው ጎምዝዞ፣ እንጀራው ሻግቶ ተደፋ፤ ከሁለት የኔ ቢጤ በቀር የቀመሰው አልነበረም።

አሁን በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በጠላት ጊዜ የተሰዉት ሰዎች ስም የሚቀረጽበት ድንጋይ ሊቆም ነው። ዝርዝሩ ላይ ሃያ ሁለት ስም አለ። ደምለው የለበትም። የብርጓል ለሽማግሌዎቹ ስታመለክት አንድ ነገር ይዛ ነበር፦ ለጣሊያኖቹ ሰፈር ውሃ ትቀዳ የነበረች አሮጊት ልትሞት ስትል የደምለው እግር ከካሚዮኑ ወለል ጋር በሰንሰለት ታስሮ እንደ ነበር ነግራታለች። የብርጓል ገደል ወርዳ፣ ጋቢናውን የሞላውን አፈርና የፍየል በጠጥ በእጇ ዝቃ አወጣችና ከወለሉ ላይ የብረት ቀለበት አገኘች። ሽማግሌዎቹ ግን ቀለበት በየመኪናው አለ፤ ዕቃ ማሰሪያ ይሆናል፤ ከፋብሪካው የመጣ ቢሆንስ አሉ። ካሚዮኑን ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ብረት ነጋዴ ገዝቶታል፤ ከትንሣኤ በኋላ ቆራርጦ ይወስደዋል።

ሱሩር ሥራ እንደ በዛበት ነገራት። ጾሙ ሲያልቅ መጥቼ አየዋለሁ አላት። እሷ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«ሌላ ነገር አልጠይቅህም፣ ወንድሜ» አለችው። «ቀለበቱ ካሚዮኑ ይዞት የመጣ ነው ወይስ በኋላ የገባ? እሱን ብቻ ንገርልኝ።»

ይህን ጥያቄ ሱሩር ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ሰምቶት ነበር።

በዚያ መጋቢት አንድ ከሰዓት በኋላ የማደሻው አለቃ ጠራውና ሰው «ትሬንታ ኳትሮ» በሚለው ትልቁ ካሚዮን ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ካለው መቀመጫ ፊት፣ ወለሉ ላይ ጠንካራ ቀለበት እንዲበይድ አዘዘው። ለካፒቴኑ ውሻ ነው አለው። ካፒቴኑ በእርግጥ ቡናማ ውሻ ነበረው፤ መኪና ላይ ከፊት ይቀመጥ ነበር። ሱሩር ጣት የሚያክል ብረት አግሎ አጠፈ፤ አራት ጣት ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ በየደው፤ ጠፍጣፋውንም ወለሉን አሳልፎ ከላይና ከታች በየደ። የማደሻው ሕግ ሠራተኛ ሁሉ ሥራው ላይ ምልክት እንዲመታ ያስገድዳል፤ የተሰበረ እንደሆነ ማን እንደሚገረፍ እንዲታወቅ። የሱሩር ምልክት ሦስት ጭረት ነበር። ከሥር በኩል መታው። አለቃው ቀለበቱን በዲጂኖ ሲሞክረው ካሚዮኑ ራሱ ተነቃነቀ እንጂ ቀለበቱ አልተነቃነቀም። ሱሩርን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ሱሩርም ደስ አለው።

በማግሥቱ ጠዋት ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ሲሞላ ወታደሮች አንድ ሰው አመጡ። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰንሰለት ነበር። ጋቢናው ውስጥ አስቀመጡት፤ ሰንሰለቱን በቀለበቱ አሳልፈው ቆለፉት፤ እጁን ፈቱት፤ ጋቢውን እግሩን እስኪሸፍን ድረስ ጉልበቱ ላይ ጣሉለት። በአምበር ገበያ እንዲያልፉ ካፒቴኑ ራሱ ተናገረ። ገበያተኛው ሰውየውን ፊት ተቀምጦ እንዲያየው፣ ጓደኞቹም ከዚያ ወዲያ እንዳያምኑት ነው። ሱሩር የውሃውን ጣሳ እንደ ያዘ በተከፈተው በር በኩል ቆሞ ነበር። ሰውየው ቀለበቱን አየ፤ አዲስ የተቃጠለውን ቀለም አየ፤ ከዚያ ሱሩርን አየው።

«አንተ ልጅ» አለው፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ። «ይኸ ካሚዮኑ ይዞት የመጣ ነው ወይስ ያንተ ሥራ ነው?»

«ይዞት የመጣ ነው» አለ ሱሩር።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ደኅና» አለ፤ ፊቱንም ወደ መንገዱ መለሰ።

ካሚዮኑ ገደል መግባቱን ሱሩር የሰማው በማግሥቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አብሮት ኖረ፦ ብየዳው ደካማ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይዘል ነበር። የጋቢናው በር ቁልፍ ስላልነበረው ካሚዮኑ ሲገለበጥ ሊዘል ይችል ነበር። ብየዳው ግን ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ላይ ምልክት መምታት ጠላ፤ ከድል በኋላ የሚያስገድደው አለቃ ስላልነበረ ጨርሶ ተወው። ወደ አምበር የሚወስደውን መንገድ በአስፈላጊ ጉዳይ ሲሄድበት፣ ጠመዝማዛው ጋ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ተራራው በኩል ያዞራል። መኪና ላይ የተጫነ ሰንሰለት ሲንቀጫቀጭ ከሰማ የጀመረውን ወሬ ይረሳዋል።

ይህን ነፊሳ አታውቅም ነበር። የብርጓል ከሄደች በኋላ ምስሩን ልትቀቅል ስትል ግን ሱሩር ከለከላት፤ ቋጠሮው እንዳለ ይቀመጥ አላት። ነፊሳ ለምን ብላ አልጠየቀችም። አምበር መቼ እንደሚሄድ ብቻ ጠየቀችው። አልሄድም ሊላት አስቦ ማክሰኞ አላት።

ማክሰኞ ዕለት አምበር ላይ የጠበቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ የብርጓል ናት። ሁለተኛው የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ቀኛዝማች እንዳላማው ናቸው፤ በጠላት ጊዜ አባይ በረሃ ወርደው የተዋጉ፣ ካሚዮኑ ሲወድቅ በአገሩ ያልነበሩ፣ ትንሽ የሚናገሩ ሰው። ሦስተኛው የስሙን ዝርዝር የሚጽፉት መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ብዙ ይናገራሉ። ወደ ገደሉ በእግር ሲሄዱ የሱሩርን የዕቃ ከረጢት እያዩ በስሙ ይጫወቱበት ጀመር። ከፊቱ አንዲት ፊደል ጨምረን ከመካከሉ «ሩ»ን ብናወጣለት ሱሩር «እሱር» ይሆናል፤ በግእዝ የታሰረ ማለት ነው፤ እንግዲህ አንተ ከጋራዥህ ጋር የታሰርክ ሰው ነህ አሉት። ቀኛዝማች ፈገግ አሉ። ሱሩር ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ።

ገደሉ ውስጥ ሁለት ካሚዮን አለ። ይህ ነበር የሽማግሌዎቹ ሌላው ጭንቀት። አንደኛው በጠላት ጊዜ የወደቀው ነው፤ ሁለተኛው ከድል በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም.፣ የአንድ እህል ነጋዴ መኪና ሆኖ የወደቀ ነው። ነጋዴው የገዛውም የጣሊያን ሥሪት ስለ ነበር ሁለቱም ትሬንታ ኳትሮ ናቸው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድመዋል። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ራሱ ይከራከራል፤ የብርጓል ቀለበቱን ያገኘችው በታችኛው ላይ ነው።

ሁለቱንም ሰው ሲነቅላቸው ኖሯል። ጎማቸው ጫማ ሆኗል። ባሌስትራቸው ማረሻና ቢላዋ ሆኗል። የላይኛው መኪና የሞተር ክዳን ከመንገዱ አጠገብ ያለ የዶሮ ቤት በር ሆኖ ሱሩር ሲያልፍ አይቶታል። ታችኛው የተሻለ ተርፏል፤ የወደቀበት ቦታ ለሸክም አይመችም።

ቀኛዝማች ሱሩርን ወደ ታችኛው ካሚዮን መሩትና ከፊት ጀምሮ እየተናገረ እንዲያሳያቸው አዘዙት። ዕውቀቱን ሊፈትኑ የፈለጉ ይመስላሉ። ሱሩር ተንበረከከ። የፊተኛው አክስል የእናቱ ነው አላቸው፤ ቁጥሩ ተመትቶበታል። የራዲያተሩ ከንፈር የእንጀራ ልጅ ነው፤ ፋብሪካው እንዲህ ያለ ወፍራም ብየዳ አይሠራም። መሪው በቀኝ መሆኑ የእናቱ ነው፤ የዚያን ጊዜ የጣሊያን ካሚዮን ሁሉ እንዲያ ነበር። የጋቢናው ቆርቆሮ በሪቪት ተያይዟል፤ እያንዳንዱ ሪቪት ከሚቀጥለው እኩል ይርቃል፤ ይህ የፋብሪካ እጅ ነው። በበሩ ማጠፊያ ሥር የተረፈውን ቀለም ሲጭረው ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ወጣ፤ የፋብሪካው ቀለም ነው። ሲናገር ድምፁ አይለወጥም ነበር። ወደ ጋቢናው ወለል የቀረው ሁለት ክንድ ያህል ነው። የብርጓል ከአጠገቡ ቆማ እጁን ትከተላለች።

በዚህ ጊዜ መሪጌታ ከሌላው በኩል ተጣሩ። ከመሪው ፊት ካለው ቆርቆሮ ላይ የነሐስ ሰሌዳ አግኝተው በቅጠልና በምራቃቸው ሲያጥቡት ቆይተዋል። ጽሕፈቱ የላቲን ነው፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። 1937 ይላል፤ ከጎኑም የመስቀል ምልክት አለ። መሪጌታ ቀና ብለው በኀዘኔታ የብርጓልን አዩዋት። ጠላት በ1933 ወጥቷል አሉ። ይህ ካሚዮን የተሠራው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ይህ የነጋዴው መኪና ነው፤ ደምለው የሞተበት የላይኛው ነው፤ የላይኛው ደግሞ ቀለበት የለውም።

መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት እንደሚበልጥ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን ቁጥሩን ያዩት በገዛ አገራቸው፣ በገዛ እጃቸው ከጠረጉት ብረት ላይ ነውና እንደ ገዛ ዓመታቸው አነበቡት። ቀኛዝማችም አልጠረጠሩም።

ሱሩር ስሕተቱን ወዲያው አውቆታል። አፉን አልከፈተም። ማንም አልጠየቀውም፤ ሁለተኛ ጊዜ መዋሸት አላስፈለገውም። ካቻቢቴውን ጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ መለሰ። ቀኛዝማች ነገሩ ተፈጸመ እንደሚሉ ሁሉ ዱላቸውን አነሡ። የብርጓል «ተሳስቼ ይሆናል» አለች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳገቱን ጀመሩ። ሱሩር ከኋላቸው ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ሴትዮዋ አለመከተሏን ስላወቀ ዞር አለ።

የብርጓል ጋቢናው ውስጥ ገብታለች። ከሾፌሩ ጎን በነበረው መቀመጫ ብረት ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀለበቱ አጠገብ አስቀምጣለች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ ፊት ለፊት ትመለከታለች። አላለቀሰችም። ከዚያ ቦታ ምን እንደሚታይ የምታጠና ትመስል ነበር።

ሱሩር ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል። የውሃውን ጣሳ ይዞ የቆመ ያህል እጁ ከበደው። ቁልቁለቱን ሲመለስ ድንጋይ ከእግሩ ሥር እየተንከባለለ ካሚዮኑን መታው፤ ሽማግሌዎቹም ድምፁን ሰምተው ቆሙ።

«መሪጌታ» አለ ሱሩር፣ ሳይጮህ፣ እንዲሰሙት ያህል ብቻ። «ዓመቱ የፈረንጅ ነው።»

እስኪወርዱ ጠበቃቸው። 1937 ማለት በእኛ ሃያ ዘጠኝ ነው አላቸው። መስቀል የመሰለው ምልክት መስቀል አይደለም፤ የላቲን ቁጥር ነው፤ ከሚቀጥለው ፊደል ጋር አሥራ አምስት ተብሎ ይነበባል፤ ፋሽስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ዘመን ጀምሮ የቆጠሩት ነው። በሁሉም መኪናቸው ላይ ይጽፉት ነበር። መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ፊታቸውም ጠቆረ። ቀኛዝማች ግን ሰሌዳውን አላዩም። የሚያዩት ሱሩርን ነበር።

«ይህን ቅድም ለምን አልተናገርክም?» አሉት።

ሱሩር ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቀለበቱም ይዞት የመጣ አይደለም» አለ።

«የእንጀራ ልጅ ነው በለና» አሉ መሪጌታ፣ ነገሩን ሊያቀሉት።

«የእንጀራ ልጅም አይደለም። የኔ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም እንደ ቅደም ተከተሉ ነገራቸው፤ አለቃውን፣ ውሻውን፣ ሰንሰለቱን፣ በጉልበቱ ላይ የተጣለውን ጋቢ፣ በገበያው መካከል ለምን እንዳሳለፉት። የእኔ ለመሆኑ ምስክር ከፈለጋችሁ ከወለሉ ሥር፣ ከጠፍጣፋው ብረት ግራ ጠርዝ ላይ ሦስት የመሮ ጭረት አለ አላቸው። ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ወደዚያ እጁን እንዳልሰደደ ሁሉም አይተዋል። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አውልቀው በደረታቸው ተኙ፤ ክንዳቸውን ከወለሉ ሥር አስገቡ። ረጅም ጊዜ ዳበሱ። ከዚያ ድምፃቸው ከብረቱ ሥር መጣ፤ «አንድ» አሉ፤ «ሁለት»፤ ጥቂት ቆይተውም «ሦስት»።

«ለውሻ ነው ብለውህ አመንክ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ስሠራው አምኜ ነበር፣ ቀኛዝማች። ሲያስሩት ግን አየሁ።» ወደ የብርጓል ዞረ። እሷ ከጋቢናው አልወረደችም። «ባለቤትዎ ጠየቀኝ፣ እትዬ። ይዞት የመጣ ነው ወይስ ያንተ ሥራ ነው አለኝ። ይዞት የመጣ ነው አልኩት።»

ከመንገዱ ላይ የጭነት መኪና ሲያልፍ ተሰማ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሁሉም ጠበቁ።

«የትኛው እግሩ ነበር?» አለች የብርጓል።

«ግራው።»

«ግራው ያመው ነበር» አለች። «በሬ ረግጦት ነበር። ብርድ ሲሆን ያመዋል።»

ከዚያ ወረደችና ቀለበቱን እንዲቆርጥላት አዘዘችው። ሱሩር መጋዙን አወጣ። ብየዳውን መጀመሪያ በመሮ ሞከረው፤ እንደ ድሮው አልነቃነቅ አለው። ስለዚህ ቀለበቱን ራሱን ከሥሩ መጋዝ ነበረበት። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ማንም አላገዘውም፤ እሱም አልጠየቀም። ሲጨርስ ብረቱ ግሎ ነበር። ውሃ ሊያፈስበት ሲል የብርጓል በነጠላዋ ጫፍ ተቀበለችው፤ ምስሩን እንደ ቋጠረችው ቋጠረችው።

መንገዱ ላይ ሲለያዩ የረገመችው ወይም ይቅር ያለችው እንደ ሆነ ለማወቅ መሪጌታ ጆሯቸውን ሰጥተው ነበር። ሁለቱንም አልሰሙም።

«ምስሩን በላችሁት?» አለችው።

ሱሩር አልበላነውም አላት።

«ብሉት» አለችና ሄደች።

ድንጋዩ በግንቦት ቆመ። ጠራቢው ቦታውን ለሃያ ሁለት ስም ለክቶ ስለ ነበር ሃያ ሦስተኛው ከታች በኩል በጠባቡ ገባ፤ ፊደሎቹ ከሌሎቹ ያነሱ ናቸው፤ ግን ይነበባሉ። የብርጓል በዚያው ወር ለሁለተኛ ጊዜ ተዝካር ደገሰች። ቀኛዝማች እንዳላማው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ተቀመጡ ይባላል። ቀለበቱን የት እንዳደረገችው የሚያውቅ የለም። ካሚዮኑ ተቆራርጦ ወደ አዲስ አበባ ተጫነ።

ቀኛዝማች የወፍጮአቸውን ዕቃ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ጋራዥ አሠሩ። እሳቸውን አይተው የቀሩ ሌሎችም ነበሩ። ሰኔ ውስጥ አንድ ጠዋት በጋራዡ በር ላይ በከሰል «ባንዳው ሰንሰለት ሠሪ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ነፊሳ ታሪኩን በዚያን ጊዜ ሰምታ ነበር፤ ውሃ አምጥታ አጠበችው። ጽሕፈቱ ለቀቀ፤ በሩ ግን ከታጠበበት ቦታ ላይ ከሌላው ነጥቶ ቀረ።

በክረምቱ መግቢያ አንድ የይጁቤ ገበሬ የበር ቀለበት ይዞ መጣ፤ የሱሩርን ልማድ የማያውቅ ሰው ነው። ሱሩር ቀለበቱን ተቀብሎ ለጥቂት ጊዜ በእጁ መዘነው። ከዚያ በየደው። ሲጨርስ ገለበጠና በመሮ ሦስት ጊዜ መታው። ገበሬው ጭረቶቹን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ይህ ደግሞ ምንድን ነው አለው።

«የኔ መሆኑ ነው» አለ ሱሩር። «ከተሰበረ ይዘኸው እንድትመጣ።»

ከዚያ ወዲህ ከእጁ የወጣ ሥራ ሁሉ ምልክቱ አለበት። አንዳንድ ሰው ጭረቱን ሲያይ ዕቃውን ሳይወስድ ይሄዳል። ምንጣፍ መግለጡን ግን አልተወም። መኪና በመጣ ቁጥር ጋቢናው ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ጎንበስ ይላል፤ ባዶውን ቆርቆሮ በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ይዳብሳል።